ጀሪካኑ ወይስ ጠርሙሱ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «በኢትዮጵያ መጠጥ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ከቢራ በፊት ቁጥጥር የሌለው አረቄ ሥርዓት ይያዝ።» ደጋፊው የመጠጥ ኬሚስት፣ ተቃዋሚዋ የአእምሮ ሕክምና ሐኪም ናቸው።

ኬሚስቱ

ሕጋችን የሚያየው ጠርሙስ ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ለመጠጥ የሚፈቀደውንም ዕድሜ ከ18 ወደ 21 ከፍ አደረገ። በማግስቱ ዓመት የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 መጣ። ሁለቱም ክንዳቸው የሚደርሰው ስም፣ አድራሻና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለው ላይ ነው። ከአርሲ ነገሌ በጀሪካን ተሞልቶ የሚወጣው አረቄ በቴሌቪዥን ታይቶ አያውቅም፤ ሻጩም መታወቂያ አይጠይቅም።

ወደ ጋኑ እንምጣ። ጌሾና ብቅል ይጠነሰሳል፣ ቂጣ ተጋግሮ ይገባበታል፣ ድፍድፉ ሲደርስ ምድጃ ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃ ወይም በቱቦ አልፎ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ማሰሮ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ የሚወጣው ተራ አረቄ ነው፤ ከ30 እስከ 35 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። እሱ እንደገና ሲጣድ ዳግም ይሆናል፣ 45 ያህል ይደርሳል። «ያህል» ያልኩት በምክንያት ነው። እሳቱ ከበረታ ውኃው አብሮ ይተናል፤ ማቀዝቀዣው ከሞቀ አልኮሉ በእንፋሎት ያመልጣል፤ መጨረሻ ላይ የሚንጠባጠበው ቀጭኑ ቶሎ ካልተቆረጠ ሁሉን ያቀጥነዋል። ስለዚህ ጋን ከጋን አይመሳሰልም፤ ጠጪውም ምን ያህል እንደጠጣ የሚያውቀው ሲነጋ ነው።

ሒሳቡ ይኸው። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ ዳግም 18 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ 5 በመቶ ከሆነ፣ 13 ግራም። የጤና ባለሙያዎች በአንድ መቀመጫ 60 ግራምና ከዚያ በላይ መጠጣትን ከባድ ይሉታል። ቢራ ጠጪው እዚያ ለመድረስ አምስተኛውን ጠርሙስ ይከፍታል፤ በመሐል ሆዱ ይነፋል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል። አረቄ ጠጪው አራተኛውን መለኪያ ሳይጨርስ አልፎታል።

በዚህ ላይ ዕቃው አለ። ከጋን ወደ በርሜል ሲዞሩ ዚንክ የተቀባ ላሜራ ከአሲዱ ጋር ይገናኛል፤ ያረጀ የመኪና ራዲያተርን ማቀዝቀዣ ያደረገ ደግሞ ከብየዳው እርሳስ ያጠጣል። ከሁሉ የከፋው ቀጥኖ የወጣውን «ለማጠንከር» የኢንዱስትሪ አልኮል ጣል የሚያደርገው ነው። ያ አልኮል ሜታኖል ከሆነ ዓይን ይጠፋል፣ ሰው ይሞታል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ አረቄ አውጪዎቹ በማኅበር ይደራጁ፣ እያንዳንዱ ማኅበር የአልኮል ሃይድሮሜትር፣ በእፍጋት አልኮል የሚለካ መሣሪያ፣ ይሰጠው፣ የተለካው ጀሪካን ይታሸግ፣ መርዙም ከገበያ ይወጣል። ቢራ ማንንም አላሳወረም። የሚያሳውረውን ትተን የሚያስገሳውን ማሳደድ ምን ይባላል?

ሐኪሟ

«ቢራ ማንንም አላሳወረም።» ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። የትኛው ቢራ ፋብሪካ በነጻ ያገኘው ማስታወቂያ እንደሆነ ግን አልገባኝም።

በእርስዎው ሒሳብ እንሂድ። አምስት ጠርሙስ 65 ግራም ነው። 70 ኪሎ በሚመዝን ወንድ ደም ውስጥ በሊትር ወደ 1.4 ግራም ገደማ ይሆናል። ጉበት በሰዓት 0.15 ያህል ያወርዳል። ከመጨረሻው ጉንጭ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቆጥረን ሦስት ሰዓት ብንሰጠው እንኳ 0.9 ላይ ነው። የትራንስፖርት ደንብ ቁጥር 208/2003 የፈቀደው ጣሪያ 0.8 ነበር፤ እሱም ላላ ያለ ነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት 0.5 ይላል። ይህ ሰው መሪ ሲጨብጥ ዓይኑ ያያል። የሚያሳውረው ሌላውን ነው።

በ2015 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተደረገው አገር አቀፍ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳ ከ100 አዋቂ 41 ያህሉ ባለፈው ወር መጠጣታቸውን፣ 12 ያህሉ በአንድ መቀመጫ ከባድ መጠን መውሰዳቸውን አሳይቷል፤ በወንዶች ቁጥሩ 20 ይደርሳል፣ በሴቶች 3 አይሞላም። ከአምስት ወንድ አንዱ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሰው ሜታኖል አልነካውም። የነካው ተራው፣ ንጹሑ፣ የታሸገውና የተማኅተመው የመጠጥ አልኮል፣ ኢታኖል ነው። ጉበት የሚያደድረው እሱ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነውን አይሶናያዚድ ከሚወስድ ሰው ጉበት ላይ ጫና የሚጨምረው እሱ ነው፤ የወር ደመወዝ ከቤት በፊት ግሮሰሪ የሚያደርሰውም እሱ ነው። በበርሜልና በራዲያተር ሊያስፈራሩን ይፈልጋሉ፤ ይበሉ። እኔ የምፈራው ንጹሑን ነው።

አረቄ አውጪዋንም እንተዋት። ከአረቄዋ ጎጆ ታቆማለች፣ ከአተላው ከብት ታደልባለች። ደግሞም ሙያውን ታውቃለች፤ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ትደፋለች፣ ሜታኖሉም ከዚያው ጋር ይሄዳል።

ኬሚስቱ

አይሄድም፣ እህቴ። ሰው የሚሞተው እንዲህ ባለው እምነት ነው።

ሜታኖል በ64.7 ዲግሪ ይፈላል፣ ኢታኖል በ78.3። ይህን ያነበበ ሁሉ «እንግዲያው ቀላሉ ቀድሞ ይወጣል» ብሎ ያርፋል። ሁለቱን ለየብቻ ቢጥዷቸው እውነት ነው። ድፍድፍ ውስጥ ግን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ሜታኖል ከውኃ ጋር ፍቅር ስላለው ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ መጨረሻው ተበታትኖ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ የሚሸተው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው አሴታልዲሃይድና ኢታይል አሲቴት ነው። እሱን መድፋት ጣዕም ያሻሽላል፣ ራስ ምታትንም ይቀንስ ይሆናል። መርዝ ያስወግዳል ብሎ ለሕዝብ መንገር ግን ሐኪም የሚያደርገው አይደለም።

እንዲያውም ከእህል የሚወጣ አረቄ በራሱ ሜታኖሉ ትንሽ ነው። ሜታኖል የሚመጣው ፔክቲን ከሚባል የተክል ንጥረ ነገር ነው፤ ፔክቲን የሚበዛው ፍራፍሬ ላይ ነው፤ ገብስና ዳጉሳ ላይ ጥቂት ነው። የሚገድለው መጠን በኋላ ከጣሳ የተጨመረው ነው። እሱን ደግሞ የአውጪዋ አፍንጫም ምላስም አይለየውም። በክብሪት ለኩሶ ነበልባል ማየትም ዋጋ የለውም። ሃይድሮሜትር እንኳ አይለየውም፤ የሁለቱ እፍጋት 0.789 እና 0.792 ነው፣ መሣሪያው ሁለቱንም «አልኮል» ብሎ ያልፋል።

እና ሙያዋን ታውቃለች ብለን እንተዋት?

ሐኪሟ

በመጀመሪያ «እህቴ» ማለቱ ይቅርብኝ፤ ዶክተር ካላሰኘዎት ተቃዋሚዬ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ስለ እፍጋቱ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ጽሑፍዎ ማኅበራቱ ሃይድሮሜትር ይዘው መርዙ ከገበያ ይወጣል ብለው ነበር። አሁን ሃይድሮሜትሩ መርዙን አያይም አሉ። የቱን እንመን? አረቄ አውጪዋ ራሷ መርዝ እንዳልሠራች፣ መርዙ በኋላ በነጋዴ እጅ እንደሚገባም እርስዎ ጻፉ። ታዲያ ማኅበር ግቢ፣ መሣሪያ ግዢ፣ ታሸጊ የምትባለው ስለ ምን እሷ ሆነች? ማኅተሙ ከተፈታ በኋላ የሚጨምረው ሰው እኮ የእርስዎ ማኅበር አባል አይደለም።

ሜታኖል ለሚያክመው ሰው የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። የጠጣው ሰው ተራ ስካር ሰክሮ ይተኛል፤ ጉበቱ ሜታኖሉን ወደ ፎርማልዲሃይድ፣ ከዚያ ወደ ፎርሚክ አሲድ እስኪለውጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያልፋል። ኢታኖል አብሮ ከጠጣ ደግሞ ይዘገያል። ሲነቃ ዓይኑ ይጭበረበራል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። ጤና ጣቢያው «ያደረ ስካር ነው» ብሎ በግሉኮስ ከመለሰው አለቀ። የሚያድነው ፎሜፒዞል፣ እሱ ከሌለ በልክ የሚሰጥ ኢታኖል፣ ከዚያም የኩላሊት እጥበት ነው። ይህ ሥልጠና ነው እንጂ ማኅተም አይደለም።

ወደ ቢራው ልመለስ፣ እርስዎ ስለሸሹት። በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ሄኒከን ሐረርና በደሌን፣ ዲያጆ ሜታን ገዙ። ያን ያህል ገንዘብ ያፈሰሱት ቀድሞ በሚጠጣው ላይ ተማምነው አይደለም፤ ገና ላልጀመረው ነው። ማስታወቂያ የታገደውም ለእሱ ነበር። «ማንንም አላሳወረም» የሚለውን ለዚያ ልጅ ይንገሩት።

ኬሚስቱ

ሃይድሮሜትር ለጥንካሬ ነው፣ ለመርዝ ነው አላልኩም። አንባቢ ተመልሶ ያንብብ፤ ሁለት ነገር በአንድ አንቀጽ ቢቀመጡ አንዱ የሌላው ምክንያት አይሆንም። ለሜታኖል ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባል፣ በፈሳሹ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር የሚለይ ምርመራ አለ፤ ናሙና በየወሩ ከየገበያው ተወስዶ ላቦራቶሪ ይግባ። ይህን ለአንድ ሐኪም ማስረዳት ያስፈልጋል ብዬ ስላልገመትኩ አልጻፍኩትም፤ ጥፋቱ የግምቴ ነው።

የጥንካሬውን ነገር ግን በቀልድ ማለፍ አይቻልም። 100 ሊትር 45 በመቶ ዳግም ላይ 50 ሊትር ያህል የተጣራ ውኃ ቢጨመር 30 በመቶ ይሆናል። አንዱ መለኪያ ከ18 ወደ 12 ግራም ይወርዳል። ሰውየው ያንኑ አራት መለኪያ ይጠጣል፣ እርስዎ ከሚፈሩት 60 ግራም በታች ሆኖ ይነሳል። ማስታወቂያ በማገድ ይህን ያህል የቀነሰ ሰው ያሳዩኝ።

ስለ ሕክምና ያነሱት ደግሞ ይገርማል። የመጠጥ ሱስ የያዘው ሰው ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚወስደው ጸበል ነው፤ የእናንተን በር የሚያንኳኳው መጨረሻ ላይ ነው። በሩ የት እንዳለ የሚያውቀው ስንቱ ነው? ቢራውንም አረቄውንም ነገ ብናቆም የያዘው ሰው ወዴት ይሂድ? ስለ ጉበት ከሚጽፉ ይህን ይመልሱ።

ሐኪሟ

እመልሳለሁ፣ ከቢራው ለመውጣት የከፈቱት በር መሆኑን እያወቅሁም።

በየቀኑ ግማሽ ሊትር አረቄ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም አንጎሉ ልጓም እንደተፈታ ይሆናል። ካቆመ 6 ሰዓት ካለፈው ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። እስከ 48ኛው ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ደግሞ ከባዱ መቃዠት አለ፤ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያያል፣ ትኩሳቱና የልብ ምቱ ይወጣል፣ ካልታከመም ይሞታል። ቤተሰብ ይህን «ሰይጣኑ ጮኸ» ይለዋል። ጸበል የሚሄድ ሰው ጸበሉ አይደለም የሚጎዳው፤ በአንድ ጊዜ ማቆሙ፣ ጾሙና የሰውነት ውኃ ማጣቱ ነው። ማረጋጊያው መድኃኒት ዳያዜፓም በልክ እየተቀነሰ ለአምስት፣ ለሰባት ቀን ቢሰጠው ጸበሉንም ይጠመቃል፣ በሕይወትም ይመለሳል። ከግሉኮስ በፊት ደግሞ ቲያሚን፣ ቫይታሚን ቢ1፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የማስታወስ ችሎታውን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል። በየጤና ጣቢያው ሊኖር የሚገባው ይህ ነው፤ ሁለት ርካሽ መድኃኒትና የሰለጠነ ነርስ።

ሰውየው እዚያ ከመድረሱ በፊትም መያዝ ይቻላል። ስለ አጠጣጥ አሥር ጥያቄ ያለው ኦዲት (AUDIT) የሚባል መጠይቅ አለ፤ ከ40 ይታሰባል፣ 8ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አካሄዱ አደገኛ ነው። ለመሙላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የደም ግፊት እንደሚለካ ሁሉ ይጠየቅ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ካሉኝ ከቢራው ኤክሳይዝ ታክስ በመቶኛ ተቆርጦ ለዚሁ ይመደብ።

ኬሚስቱ

እሺ፣ ከቢራው ብቻ። ቢራ ሲወደድ ጠጪው የሚያወርደው ዋጋውን እንጂ መጠጡን አይደለም፤ ወደ ጀሪካኑ ይዞራል። ጀሪካኑ ግብር አይከፍልም፣ ጥንካሬው አይታወቅም። በየጠርሙሱ ላይ በጨመሩት ሳንቲም ሰውየውን ወደ እኔ ርዕስ ላኩት። ግብሩ በሊትር ሳይሆን በአልኮል ግራም ይሁን፤ ቢራውም አረቄውም በአንድ ሚዛን ይቀመጡ። ይህንን ከሚቃወሙ ምክንያቱን ይስጡኝ።

ሐኪሟ

በግራም መሆኑን አልቃወምም። የምቃወመው ሚዛኑን የሚይዘውን ነው። ለፋብሪካው ኦዲተር፣ ለአረቄ አውጪዋ ፖሊስ ከላካችሁ ማኅበሩ ውስጥ የሚገባ አይኖርም፤ ጀሪካኑ በሌሊት ይጓዛል፣ የእርስዎ ናሙና ሰብሳቢም ጠዋት ገበያ ሲደርስ የሚያገኘው ጠላ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚቀጣው ጣሳ ይዞ ያጠነከረው ነጋዴ ይሁን፣ አረቄ አውጪዋ ለናሙና ስትሰጥ እንዳትከሰስ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።