ብርጭቆ ይዞ የቀረ እንግዳ

ከቤት ዕቃ ሁሉ እንደ ትንሿ ጠረጴዛ የሚንቀባረር የለም። ሶፋው ሰው ይሸከማል፣ ቁም ሳጥኑ ልብስ ይሸከማል። እሷ ግን ዕቃ ሊቀመጥባት ተገዝታ ሳለ፣ ሳሎን ከገባች በኋላ «ኧረ እሷ ላይ አታስቀምጡ!» የሚባልላት እመቤት ሆና ታርፋለች። እንግዳው ብርጭቆውን እንደጨበጠ ግራ ቀኙን ያያል። ፊት ለፊቱ የአበባ ማስቀመጫ፣ ማንም ገልጦት የማያውቅ ትልቅ የፎቶ መጽሐፍ፣ ክብሪት ያላዩ ሻማዎችና ፍየል ይሁን ፈረስ ያልለየለት የእንጨት ቅርጽ ተደርድረዋል። ቢቸግረው ብርጭቆውን እግሩ ሥር ምንጣፉ ላይ ያኖራል። ሲነሣ ይመታዋል። ይቅርታ የሚጠይቀውም እሱ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ገና ሲገዛ ነው። ሰው ጠረጴዛ የሚመርጠው ቆሞ፣ የሚገለገልባት ግን ተቀምጦ ነው። በዚያ ላይ መሸጫው አዳራሽ ስለሚያህል ሁሉም ጠረጴዛ እዚያ ትንሽ ትመስላለች፤ የምታብጠው ቤት ስትገባ ነው።

«ሜትር ለምን አልያዝክም?» ትለዋለች ሚስት።

«ዓይኔስ የት ሄዶ!»

በዓይን የተለካው ማታ መብራት ሲጠፋ በቅልጥም ይታረማል።

ለነገሩ ልኩ ያን ያህል ጥበብ አይጠይቅም። ሶፋ ፊት የምትቆመው ከመቀመጫው እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ትበል፤ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ብዙውን ሶፋ ይስማማዋል። ርዝመቷ የሶፋው ሁለት ሦስተኛ ገደማ፣ ከሶፋው ያላት ርቀትም 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ደግ ነው። ከዚያ ከጠበበ ጉልበት አያልፍም፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ ብርጭቆ ለማንሣት ከወገብ መታጠፍ ይመጣል። ከሶፋው ጎን የምትቀመጠው ከሶፋው ክንድ ጋር ትተካከል። ሁሉም ይህን ሰምቶ ራሱን ይነቀንቅና ቀለሟ ከመጋረጃው ጋር የሄደችለትን ይገዛል።

የመስታወት ጠረጴዛ ሳሎኑን ሰፊ ታስመስላለች ይባላል። እውነት ነው፣ ታስመስላለች። ልጆች ባሉበት ቤት ግን የጣት አሻራ መዝገብ ናት፤ የእናትየው ቀን መወልወያ ይዞ ይመሻል። እብነ በረዷ ደግሞ ብሳለች፦ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ካለባት አሲዱ ድንጋዩን ራሱን ስለሚበላው ቦታው ይደበዝዛል። እድፍ አይደለምና ቢፈትጉት አይለቅም። ስለዚህ ጨርቅ ይነጠፍባታል፣ ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ፕላስቲክ ይደረብበታል፤ እብነ በረድ መሆኗን የሚያውቀው የከፈለው ሰው ብቻ ይሆናል።

አንዷ በአንዷ ሆድ የምትገባው ተደራራቢዋ ለጠባብ ቤት የተገኘች መላ ነበረች። እንግዳ ሲመጣ ትንንሾቹ ይሳባሉ፣ ሲሄድ ይመለሳሉ። ግን ማን ያወጣቸዋል? «ወለሉን ይጭሩታል።»

ጠረጴዛን የምር ያሰቡባት ሰዎች ጠፍተው አይደለም። ኤሮ ሳሪነን የሚባለው አርክቴክት ከጠረጴዛና ከወንበር ሥር የሚርመሰመሰው እግር ቢያንገሸግሸው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አራቱን እግር ትቶ በአንድ ግንድ አቆማት። ከእሱ ቀደም ብላ፣ በ1920ዎቹ፣ አይሪሽዋ ዲዛይነር ኢሊን ግሬይ ከብረት ቱቦና ከመስታወት ክብ ጠረጴዛ ሠርታለች። ቁመቷ ከፍና ዝቅ ይላል፣ እግሯ አልጋ ሥር ስለሚገባም ሰው ጋደም እንዳለ ቁርሱን ይበላባታል። ጠረጴዛዋ ወደ ሰው ትመጣለች እንጂ ሰው ወደ ጠረጴዛዋ አይሄድም። ዛሬ የእሷን አምሳያ የገዛ ሁሉ አበባ አሸክሞ ጥግ ያቆማታል፤ ማስተካከያዋን ነካ ያደረገ ልጅም «ተው! ትበላሻለች!» ተብሎ ይባረራል።