ቁልፉ ስብሰባ ላይ ነው

መናኸሪያ ነኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ልተንፍስ፣ አለዚያ ልፈነዳ ነው።

ያቺ አሮጌ የጣና ሐይቅ መርከብ «ለጎብኚ ተከፍታለች» ያላችሁኝ ሰዎች፣ እግዜር ይይላችሁ! አባባን ይዤ ከዳንግላ የወጣሁት በሌሊት ነው። በጉልምስናቸው የዘጌ ቡና ጭነው የተመላለሱባት እኮ ናት። እሁድ ከባሕር ዳር ተነስተው፣ ቁንዝላ አድረው፣ ሰኞ ጎርጎራ። ይህን ወሬ ቤታችን የማያውቅ ድመት እንኳ የለም።

በር ላይ የ5 ሰው ከፈልን። መርከቧ አጠገብ ጥበቃው ካፖርት ለብሶ ቆሟል። በዚያ ሙቀት፣ ካፖርት!

«ቁልፍ የለም።»
«ማን ጋ ነው?»
«ሰውዬው ጋ።»
«ሰውዬውስ?»
«ስብሰባ።»
«ዛሬ ቅዳሜ አይደል እንዴ?»
«የተሰበሰበው እሱ ነው፣ እኔን ምን ትለኛለህ?»

እሺ አልኩ። ለምጄዋለሁ። ባለፈው ሳምንትም አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን «ሲስተም የለም» ተብዬ ተመልሻለሁ። ሲስተሙም ስብሰባ ላይ ነበር መሰለኝ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አንድ ሰዓት። ልጆቹ ውሃ ጨረሱ። ከዚያ ሁለት ፈረንጆች ከአስጎብኚ ጋር መጡ። ቁልፉ ከየት ወጣ? ከካፖርቱ ኪስ! በዓይኔ በብረቱ አየሁት፣ ቀይ ክር ታስሮበታል።

ተነስተን ተከተልን። እጁን ዘረጋብን።

«እነሱ ቡድን ናቸው።»
«እኛም አምስት ነን!»
«ቡድን በደብዳቤ ነው። ማህተም ያለው።»

እምቦጭ እንኳ ጣና የገባው ያለ ደብዳቤ ነው!

አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቡ። «ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ እዚህች መርከብ ላይ ቡናዬን ተንተርሼ አድሬአለሁ» አሉት በልስላሴ።

ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «እንግዲያማ አይተዋታላ አባቴ! ደግመው ምን ያደርግልዎታል?»

አባባ ሳቁ። እኔ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። መልስ የመጣልኝ ባጃጅ ውስጥ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ባለባጃጁም እጥፍ አስከፈለኝ፣ እሱን ሌላ ቀን።

ባለቤቴ ብቻ ደስ ብሏታል። አምና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም ተብሎ እኛ ስንሳለም ጀልባ ላይ ጠብቃን ነበር። «ዛሬ እኩል ሆንን» ትላለች፣ ቆሎዋን እየቆረጠመች።

ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ አለ። አባባ ደግሞ «በሚቀጥለው ቅዳሜ እንሞክር» ይላሉ።

ማህተም ያለው ሰው በውስጥ መስመር ያናግረኝ። የዕድርም ቢሆን ግድ የለም።