ሁሉንም «በጣም ጥሩ» ማለት ደግነት አይደለም

ወገኖቻችን፣ የሠራተኛ አፈጻጸም ምዘና የምትሞሉ ሁሉ፣ ልብ በሉ። ስድስት ወር ሙሉ አንድ መስመር ሳትጽፉ ቆይታችሁ፣ በመጨረሻው ሳምንት ለሁሉም «በጣም ጥሩ» ሞልታችሁ ታስፈርማላችሁ። የለፋውም ያንቀላፋውም እኩል ነጥብ ካገኙ የሚለወጠው የለፋው ነው፤ ነገ እጁን ይሰበስባል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ቪክቶር ቭሩም እ.ኤ.አ. በ1964 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ተነሳሽነት የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ ብጥር ይሳካልኛል ብሎ ማመን፣ ከተሳካልኝ ዋጋዬን አገኛለሁ ብሎ ማመን፣ ዋጋውም ሰውዬው የሚፈልገው መሆኑ። ብዜት ነውና አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። በጅምላ ነጥብ የምታጠፉት ሁለተኛውን ነው።

ከዚህ የሚብሰው ብዛትን ብቻ መቁጠር ነው። ጉዳይ አስፈጻሚን በወር በዘጋው ፋይል ብዛት መዝኑትና እዩ። ቀጫጭኑን እየመረጠ ይጨርሳል፤ ባለጉዳዩ የሚመላለስበት ወፍራም ፋይል ከሥር ይከርማል። ወሩ ሊያልቅ ሲል ሰነዱ ያልተሟላውንም «ተጠናቋል» ብሎ ይዘጋል፤ በሚቀጥለው ወር እንደ አዲስ ይከፈትና ሁለት ጊዜ ይቆጠርለታል። ክፉ አትበሉት፤ የጠየቃችሁትን ብዛት ሰጥቷችኋል። ስለዚህ ከተዘጉት አሥሩን በዕጣ አውጥታችሁ መርምሩ፣ ተመልሶ የተከፈተውን ቀንሱ፣ ከሠላሳ ቀን በላይ የቆየውን ለብቻው ቁጠሩ። መስፈርቱም ከአምስት አይብለጥ፤ ሃያ መስፈርት ያለበትን ቅጽ ማንም አስቦ አይሞላውም።

አነጋገራችሁም ይታረም። ተመራማሪዎቹ ክሉገርና ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ግብረ መልስ የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ በአማካይ ሥራን ቢያሻሽልም ከሦስት አንድ በሚበልጠው ጊዜ ግን አባብሶት አገኙት። በተለይ ንግግሩ ሥራውን ትቶ ሰውዬውን ሲነካ ይበላሻል። «ግዴለሽ ነህ» የተባለ ሰው ራሱን መከላከል ይጀምራል፤ «የመጋቢቱ ሪፖርት ሁለት ቀን ዘገየ፣ ድምሩም ከደረሰኞቹ ጋር አልገጠመም» የተባለ ግን የሚያርመውን ያውቃል። እንዲህ ለመናገር ማስታወሻ ያስፈልጋል። በየሳምንቱ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቀን ጠቅሳችሁ ሁለት መስመር ጻፉ፤ አለዚያ የምትመዝኑት ትዝ የሚላችሁን የመጨረሻ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

ስለ ደመወዝ ጭማሪና ስለ መሻሻል በአንድ ቀን አትወያዩ፤ በአሜሪካው ኩባንያ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው ጥናትም ሁለቱ እንዲለያዩ ይመክራል። ጭማሪው እየተወሰነ ሠራተኛው ጉድለቱን ገልጦ አያሳያችሁም።

እናንተም ተመዛኞች፣ ሳታነቡ አትፈርሙ። ካልተስማማችሁ ቅሬታችሁን ከነማስረጃው እዚያው ቅጹ ላይ ጻፉ፣ አንድ ቅጂም ያዙ።