ሮክፊሽስ ተመለሰ፣ የጣናው ነጭ ዓሣስ?

ሜሪላንድ ጓሮው ውስጥ ጎመን ተክሎ አጋዘን ያልበላበት ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ እንኳ አጋዘን አዳኝ ነኝ ባዩ ጎመኔን ማዳን አልቻልኩም። ሥጋውንም ቢሆን ባለቤቴ «ሳይባረክ የሞተ ቤቴ አይገባም» ስላለች የሚበላው ፈረንጁ ጎረቤቴ ነው። ሽማግሌው ታዲያ በልጅነቱ አጋዘን ማየት ብርቅ እንደነበር ሲነግረኝ ጎመኔን እያየሁ እስቃለሁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የዓሣው ነገር ነው። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ዳር መንጠቆ ይዤ ነው ያደግኩት።

እዚህ ሜሪላንድ፣ ቼሳፒክ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ ላይ ሮክፊሽ የሚሉት ዓሣ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜሪላንድ ማጥመዱን ጭራሽ ከለከለች፣ እስከ 1990 ድረስ! በጀልባው ልጆች የሚያሳድገው ሰው ያኔ ምን ብሎ እንደተሳደበ ጎረቤቴ ነግሮኛል፤ እዚህ አይጻፍም። ዓሣው ግን ተመለሰ። አሁንም በቀን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከ19 ኢንች ያላነሰ ከ24 ያልበለጠ። ትልቋን ለምን ትከለክላላችሁ እንዳትሉ፣ ብዙ እንቁላል የምትጥለው እሷ ናታ! ጀልባዬ ላይ ሜትር ለጥፌያለሁ። 24 ተኩል የሆነች ስትመጣ አንጀቴ እያረረ እለቃታለሁ።

ደግሞ ጥበቃው በነፃ አይደለም። ዘንግና መንጠቆ ስገዛ ዋጋው ውስጥ 10 በመቶ የፋብሪካ ታክስ አለ፣ አደን ጠመንጃና ጥይት ላይ 11። የጠመንጃው ከ1937፣ የዓሣው ከ1950 ጀምሮ ገንዘቡ ለዱር እንስሳቱና ለዓሣው ይውላል። አሜሪካ ውስጥ ሳላማርር የምከፍለው ታክስ ይሄ ብቻ ነው።

ጣና ላይስ? ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላል ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። እንቁላሉን ሆዱ ውስጥ እንደያዘ! አንዳንዱማ ብርብራ የሚባለውን ዓሣ የሚያደነዝዝ የዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ ይበትንና ትልቅ ትንሹ አንድ ላይ ይንሳፈፋል። አዋጅ እንደሆነ 315/1995 የሚባል የዓሣ ሀብት አዋጅ አለን። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 ያጠመዱትን ሲያነጻጽሩ ነጭ ዓሣው በሦስት አራተኛ ቀንሶ ነው ያገኙት። ከዚያ ወዲህ ያለውን መገመት ነው።

ባለፈው እዚያው ዓሣ የሚያጠምደው የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩና ይህንኑ ዘበዘብኩት። «አንተ ፈረንጅ ሆነሃል» አለኝ። «እኔ ብተወው ከጎኔ ያለው ይተወዋል? ክረምቱን ልጆቼን ማን ያበላልኛል?» እውነቱን ነው፣ መልስ አልነበረኝም። ወሬ ለመቀየር ብዬ ሜሪላንድ ከ1954 ጀምሮ በየበጋው መረብ እየጎተተች የዚያን ዓመት ጫጩት ሮክፊሽ እንደምትቆጥር፣ ከ2019 ወዲህ ቁጥሩ ስላነሰ ሕጉን እንዳጠበቀች ነገርኩት።

ሳቀብኝ። «ጫጩት? እኛ እናቲቱንም አላገኘናት!»