መጀመሪያ ጠባሳውን ቁጠሩ

ሰሞኑን ስለ ምርምር በጀት በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ የእርሾን እርጅና ለማጥናት ገንዘብ የሚያፈሱትን ሰዎች ተሳለቁባቸው። እርሾ አያረጅም አሉ፤ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም እንደ አዲስ ይጀምራሉ፤ የማያረጅን ነገር እርጅና ማጥናት ደግሞ ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ነው። አዳራሹ ሳቀ። እኔን ከንግግሩ ይበልጥ ያናደደኝ ሳቁ ነው። ከሳቁት መካከል ቢያንስ አንዱ በማይክሮስኮፕ እርሾ አይቶ እንደሚያውቅ አልጠራጠርምና።

ዳቦ የሚነፋው፣ ቢራ የሚጠምቀው እርሾ እኩል ለሁለት አይከፈልም። ከእናት ሴሏ ጎን ትንሽ እንቡጥ ታቆጠቁጣለች፣ ታድጋለች፣ የዘረመሉን ግልባጭ ተቀብላ ትገነጠላለች። ልጅቱ ከእናቷ ታንሳለች። በተገነጠለችበት ቦታ፣ በእናቲቱ ግድግዳ ላይ፣ ካይቲን ከሚባል ጠንካራ ነገር የተሠራ ክብ ጠባሳ ይቀራል። ከካይቲን ጋር የሚጣበቅ አብሪ ቀለም ሲጨመርባት ጠባሳዎቹ እንደ ቀለበት ተደርድረው ያበራሉ። ስንት ልጅ እንደወለደች ማወቅ የፈለገ ቀለበቶቹን ይቁጠር። ተመራማሪዎቹ ሞርቲመርና ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1959 እያንዳንዷን እናት ለይተው ተከታትለው ማለቂያ እንዳላት አሳይተዋል። በተለመዱት የላቦራቶሪ ዝርያዎች በአማካይ 25 ጊዜ ገደማ ትወልዳለች፤ ከዚያ ታቆማለች፣ ትሞታለች። እንግዲህ ተናጋሪው በልበ ሙሉነት የደገሙት ነገር ከተቀበረ ስድሳ ዓመት አልፎታል። እርግጥ ከወገቡ ላይ እኩል የሚሰነጠቅ ሌላ የእርሾ ዓይነት አለ፤ በተመቸው ሁኔታ ማርጀት አለማርጀቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እሳቸው ያንን ማለታቸው ከነበረ ስሙን መጥራት አያቅታቸውም ነበር።

ያ የተሳቀበት ሥራ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንድ ሰው ማይክሮስኮፕ ሥር አጎንብሶ በቀጭን የመስታወት መርፌ ልጅቱን ከእናቷ ይነጥላል፣ ገለል ያደርጋታል፣ አንድ ብሎ ይጽፋል። እናቲቱ እንደገና ለመውለድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅባታል፤ ይጠብቃታል። ይነጥላል፤ ሁለት። ሲመሽ ሳህኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባና መውለዱ ይገታል፤ ጠዋት ካቆመበት ይቀጥላል። ቀናት ባለፉ ቁጥር እናቲቱ ትገዝፋለች፣ በአንዱ ልጅና በሌላው መካከል ያለው ጊዜም ይረዝማል። ይህ እርጅና ካልሆነ እርጅና ምንድን ነው?

ዋናው ነገር ግን እናቲቱ አይደለችም። ልጅቱ ናት።

ሃያ ጊዜ ወልዳ የዛለችን እናት አስቡ። በዚያች ሰዓት ከጎኗ የምትገነጠለው ልጅ ከዜሮ ትጀምራለች። ዘረመሉ ያው ነው፣ ምግቡ ያው ነው፣ ከደቂቃዎች በፊት ሁለቱ አንድ አካል ነበሩ። አንዷ አሮጊት፣ አንዷ ጨቅላ። እርጅና ዘመን በዕቃ ላይ እንደሚያወጣው ዝገት ቢሆን ኖሮ ልጅቱም ዝጋ በተወለደች። የሚሆነው ሌላ ነው። እናቲቱ ጓዙን ለራሷ ታስቀራለች። ተመራማሪዎቹ ሲንክሌርና ጋረንቴ እ.ኤ.አ. በ1997 ከክሮሞዞም ተገንጥለው የሚባዙ ክብ የዘረመል ቁርጥራጮች እናቲቱ ውስጥ እንደሚጠራቀሙ አሳዩ። የተበላሹ ፕሮቲኖችም በአብዛኛው እናቲቱ ዘንድ ይቀራሉ። ቆሻሻ የሚፈጨው የሴሏ ከረጢት በእናቲቱ ውስጥ አሲድነቱ ሲቀንስ በልጅቱ ውስጥ ይታደሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ያረጁ የእርሾ ሴሎች ስፖር የሚባሉ የመራቢያ ሴሎች ሲሠሩ የስፖሮቹ ዕድሜ ወደ መነሻው እንደሚመለስ ታየ። ስለዚህ እላለሁ፦ እርጅና የጊዜ ጉዳይ አይደለም፤ የክፍፍል ጉዳይ ነው። ማን ምን ይዞ ይቀራል የሚል ጉዳይ ነው።

እጅግ ያረጁ እናቶች የመጨረሻ ልጆቻቸው ዕድሜ አጭር ነው እያሉ ይህንን የሚቃወሙ አሉ። እኔ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ልጅቱ ያረጀችው ማጣሪያው ሲላላና የእናቷ ጓዝ ሾልኮ ሲደርሳት ነው። ነገሩን ወደ ሰው አታምጣው የሚለኝም ይኖራል። ለምን አላመጣውም? የአርባ ዓመት ሴት የአርባ ዓመት ሕፃን ስትወልድ ያየ አለ? ይህችን ጥያቄ እርሾን ትቶ በሌላ መንገድ እመልሳለሁ የሚል ካለ መንገዱ ሰፊ ነው።

እርሾና ሰው ምን አገናኛቸው የሚለውን ረጅም መልስ አልሰጠውም። ተመራማሪዎቹ ፖል ነርስና ሜላኒ ሊ እ.ኤ.አ. በ1987 መከፋፈል ባቃተው እርሾ ውስጥ አንድ የሰው ጂን ሲያስገቡ እርሾው ተከፋፈለ። የራፓማይሲን መድኃኒት ዒላማ የሆነው ቶር የተባለ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1991 የተገኘው በእርሾ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያው መድኃኒት ዕድሜያቸው የገፋ አይጦችን ዕድሜ አራዘመ።

የሚቀረው በቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር፣ ሬስቬራትሮል ነው፤ ተቃዋሚዎች ሁልጊዜ የሚመዝዙት። እ.ኤ.አ. በ2003 የእርሾን ዕድሜ ያራዝማል ተባለ፣ ጋዜጦች ስለ ቀይ ወይን ጠጅ ተቀኙ፣ የመድኃኒት አምራቹ ግላክሶስሚዝክላይን እ.ኤ.አ. በ2008 መድኃኒቱን እሠራለሁ ያለውን ኩባንያ በ720 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ቢሮውን ዘጋው። ወሬው ከሥራው እንደቀደመ አልክድም። ግን ወቀሳውን እርሾ ላይ መጫን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሌሎች የእርሾ ተመራማሪዎች ሙከራውን በተለያዩ ዝርያዎች ደግመው የተባለውን ዕድሜ ማራዘም እንዳላዩ አሳትመው ነበር። እነዚያው በመርፌ ልጅ የሚነጥሉት፣ የተሳቀባቸው ሰዎች። ተናጋሪው በእርግጥ ስለባከነ ገንዘብ የሚጨነቁ ከሆነ እነዚህ ቆጣሪዎች በማይክሮስኮፕ ሥር ያገኙትን ካሳተሙ ከሦስት ዓመት በኋላ ቼኩን የፈረሙትን ይጠይቁልን።