ጎንደር ያለችው ፒኤስ 3 የት ተቆጠረች?

ፒያሳ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ጌም ቤት አለ። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ማሽን፣ ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር። ባለቤቱ በሩ ላይ ተቀምጦ ጭኑ ላይ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዟል። አንድ ጨዋታ ባለቀ ቁጥር አንዲት ጭረት ይጭራል። አራት ሲሞሉ አምስተኛዋን አግድም ይሰርዝባቸዋል። ማታ ሂሳቡን የሚዘጋው በእነዚህ ጭረቶች ነው።

ደብተሩን ያለ ነገር አላነሳሁትም። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ የጌም ማሽኖችን የሽያጭ ደረጃ የሚያሳይ ሰንጠረዥ በቴሌግራም ላከልኝ። ከሥሩ የራሱን ትንታኔ ጨምሮበታል፤ “እኛ ጋ የኮንሶል (የጌም ማሽን) ገበያ የሚባል ነገር የለም፣ ፒኤስ 3 ደግሞ ከሞተ ቆየ” ይላል። ሳቄ መጣ። ሞተች በተባለችው ማሽን፣ በሶኒ ሦስተኛዋ ፕሌይስቴሽን (ፒኤስ) ላይ፣ በዋዜማው ማታ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ 4 ለ 1 ሸኝቶኛል።

ሰንጠረዡ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ግን ምን እንደሚቆጥር እንወቅ። የምንጊዜም አንደኛ የሚባለው ፒኤስ 2 ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓን ላይ ወጣ፣ ምርቱም እስከ 2013 መግቢያ ዘለቀ። ስንት ተሸጠ? ሶኒ ለዓመታት “ከ155 ሚሊዮን በላይ” ሲል ኖረ። በ2024 ደግሞ 160 ሚሊዮን ነው አለ። የአንደኛው ቁጥር እንኳ ማሽኑ መመረት ካቆመ ከአስር ዓመት በላይ ቆይቶ ተቀየረ። ማይክሮሶፍት ጭራሽ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የራሱን ማሽን፣ ኤክስቦክስን፣ ስንት እንደሸጠ መናገር ትቷል። ስለዚህ የኤክስቦክስ መስመር ላይ የምታዩት አብዛኛው አኃዝ የሰው ግምት ነው።

“ሽያጭ” የሚለው ቃልም ራሱ ጉድ አለበት። ኩባንያዎቹ ሽያጭ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ለቸርቻሪ ያስረከቡትን ካርቶን ነው። መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣውም እንደተሸጠ ይታሰባል። ያገለገለ ማሽን ሲሸጥ ደግሞ አይቆጠርም። አንድ ጊዜ ተቆጥሯላ!

ወደ ጎንደር ስንመጣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ ያለው ማሽን በሙሉ ማለት ይቻላል ያገለገለ ነው፣ ወይም በሻንጣ የገባ። ለጥምቀት ከአሜሪካ የመጣ የአክስት ልጅ አንዱን ይዞ ይመጣል። ሌላው በዱባይ በኩል ይገባል። እዚያው አሜሪካ ወይም ዱባይ ተቆጥሮ አልቋል። እዚህ ሲደርስ ለሰንጠረዡ የለም። የጌም ቤቱ ሰውዬ አራቱንም የገዛው እንዲህ እያለ ነው። አንዷ በሦስተኛ እጅ ነው የደረሰችው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። እንበል ጌም ቤቱ በቀን 12 ሰዓት ይከፈታል። አንድ ጨዋታ ከነክርክሩ 12 ደቂቃ ይፈጃል። በሰዓት 5፣ በቀን 60 ጨዋታ። መብራት ጠፋ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው ብለን ግማሹን እንጣል። 30 ጨዋታ፣ በሁለት ጆይስቲክ፣ በቀን 60 ወንበር ከአንዲት ማሽን። ሌላ አገር ሳሎን ውስጥ የተቀመጠችው አዲሷ ማሽን የምታስተናግደው ምናልባት አንድ ልጅና የእሱን ታናሽ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ግን ያቺ አንድ ናት፣ የእኛዋ ዜሮ።

ሶኒ ይህን ችግር በራሱ መንገድ ያውቀዋል። አሁን አሁን ከተሸጠው ካርቶን ጎን ለጎን በወር ስንት ሰው ተጫወተ የሚለውንም ያወራል። በ2024 ባወጣው መረጃ ፒኤስ 4 እና ፒኤስ 5 እያንዳንዳቸው 49 ሚሊዮን ያህል ወርሃዊ ተጫዋች ነበራቸው። ፒኤስ 5 ከወጣ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖት፣ አሮጌው እኩል ለእኩል! ይህን ቁጥር “ሞተ” ባዮቹ ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ግን ይሄኛውም ቆጠራ እኛን አይነካንም። የሚቆጥረው በኢንተርኔት የገባ አካውንት ነው። አካውንት ሲከፈት ከሚመረጡት አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ከዚያ በላይ ደግሞ የጌም ቤት ፒኤስ 4 አብዛኛውን ጊዜ ክራክ የተደረገች ናት፤ ቁልፏ ተሰብሮ ጌም ያለ ክፍያ ይጫንባታል። ከኢንተርኔት ጋር ካገናኘሃትና አፕዴት ካደረገች፣ ክራኩ በነነ። ስለዚህ ባለቤቶቹ ከዋይፋይ እንደ ኮሶ ያርቋታል። ሞባይል ኢንተርኔት በጠፋባቸው በእነዚያ ረጅም ወራት ከተማው ሁሉ ስልኩን አስቀምጦ ሲቆዝም፣ እነሱ ቤት ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም።

የሽያጭ ቁጥር ከንቱ ነው ወደማለት እንዳልሄድ ግን። ቁጥሩ እየዘገየም ቢሆን ቤታችን ይገባል። ጌም ሠሪው የሚከተለው ገዢውን ነው። ለፒኤስ 2 የመጨረሻው የፊፋ እግር ኳስ ጌም፣ ፊፋ 14 ሆነ። ለፒኤስ 3 ፊፋ 19። ከዚያ በኋላ ዓለሙ ቆመ። እዚያ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዛሬም ሜሲ ባርሴሎና ነው፣ ሃዛርድ ቸልሲ ነው። ሃዛርድ እኮ ጫማውን ከሰቀለ ቆየ! የሸኘኝ ልጅ ግን ሌላ ሃዛርድ አያውቅም። ፒኢኤስ በሚባለው ሌላ አሮጌ የኳስ ጌም ደግሞ የቡድን ስም መቀየር ይቻላልና አንዱን የእንግሊዝ ክለብ በከተማችን ክለብ ስም “ፋሲል” ብለውት ቀይና ነጭ አልብሰውታል። ዐፄዎቹ በየሳምንቱ ሪያል ማድሪድን ይቀጣሉ።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዋጋ። ድሮ ማሽን ሲያረጅ ይረክሳል። ፒኤስ 2 አሜሪካ ላይ በ299 ዶላር ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 99 ዶላር ወርዷል። እኛ ጋ የመጣውም በዚያ መንገድ ነው፤ እነሱ ሲጥሉት እኛ አነሳነው። ፒኤስ 5 ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በ499 ዶላር ወጥቶ በነሐሴ 2025 አሜሪካ ውስጥ 549 ገባ። አምስት ዓመት አርጅቶ ተወደደ። ቺፕ እንደ ድሮው አይረክስም፣ አሜሪካ የጣለችው ቀረጥም አለ።

በዚያ ላይ ብሩን ጨምሩበት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሂሳብ 499 ዶላር 28 ሺህ ብር ይሆናል። 549ኙን በ100 ብር ብቻ ብትመቱት 55 ሺህ ነው። ዛሬ ዶላር 100 ብር የት ይገኛል? ቀረጥና የነጋዴ ትርፍም አልገባም።

ሲዲ ማስገቢያ የሌለው ሞዴል ደግሞ ለኛ ከነአካቴው አይሆንም። ሲዲ የማይበላ ማሽን፣ አገራችንን የማያውቅ የኢንተርኔት ሱቅ፣ ውጭ የማይሠራ የባንክ ካርድ። በምኑ ጌም ይጫንበታል? ገበያው ወደዚያ በሄደ ቁጥር በሻንጣ የሚመጣው ማሽን ለቆርቆሮው ቤት ጥቅሙ እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ፒኤስ 3 እና ፒኤስ 4 ጎንደር ላይ ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ ባይ ነኝ። ናፍቆት አይደለም፣ ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው።

ጌም ቤት ልጅ ከትምህርት ያስቀራል የሚሉ ወላጆች አሉ። እውነት አላቸው። የኔ ሰውዬ እንኳ ከሰዓት በፊት ዩኒፎርም የለበሰ አያስገባም፤ ሁሉም ግን እንደሱ አይደለም።

ለወዳጄ የመለስኩለት ይህን ነው፤ ገበያ አለ፣ የሚሸጠው ግን ካርቶን ሳይሆን ደቂቃ ነው። ደቂቃውን ደግሞ የሚያውቀው ያ ደብተር ነው። እንዲያውም በዚሁ ሰበብ ወደ ጌም ቤቱ ተመለስኩ። የአንድ ዓመት ጭረት ቆጥሬ የራሳችንን ሰንጠረዥ ልሠራ አስቤ።

“ጋሼ፣ የድሮዎቹን ደብተሮች ታውሰኛለህ?”

“የቱን?”

“ያለቁትን።”

ወደ መንገዱ በአገጩ አመለከተኝ። ጥጉ ላይ ኮሎ የምትሸጠው ሴትዮ አንዱን ሉክ ቀድዳ እየጠቀለለች ነበር። የሁለት ብር ጠቅልላ አቀበለችኝ። ወረቀቱ ላይ አምስት አምስት የታሰሩ ጭረቶች አሉ። ቆጠርኳቸው፤ 35 ናቸው። የየትኛው ቀን እንደሆኑ ግን ቀኑ የተጻፈበት ጥግ ተቀዷል።