የዚያ ዘመን ሚዛን

በእንግሊዝ አገር በአንድ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ፣ ቅርስን ስለማስመለስ በተወያየንበት ክፍለ ጊዜ አንድ አብሮኝ የሚማር ልጅ «ያለፈውን ዘመን ሥራ በዛሬ ሚዛን መዳኘት ተገቢ አይደለም» አለ። ሐሳቡ በአገሩ ጋዜጦችና ፖለቲከኞች ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ ነው። ልጁም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከክፍል ስንወጣ በሩን ይዞ የሚጠብቀኝ ጨዋ ነው። የከበደኝ የተናገረበት እርጋታ ነበር፤ ለእሱ የመርሕ ጥያቄ የሆነው ነገር ለእኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት የመቅደላ ታሪክ ነው።

ያን ቀን ዝም አልኩ። እኛ በትምህርት ቤት የተለማመድነው መምህሩን ማዳመጥና የታወቀውን መልስ እጅ አውጥቶ መናገር ነው፤ በእነሱ ክፍል ግን ዝምታ እንደ አክብሮት አይቆጠርም፣ ወይ መስማማት ነው ወይ አለማንበብ።

በማግስቱ የፓርላማቸውን መዝገብ ፈልጌ አነበብኩ። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1871፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን ከመቅደላ የመጡት ዘውድና ጽዋ በእንግሊዝ ጦር መወሰዳቸው እጅግ እንደሚያሳዝናቸው ለምክር ቤቱ ተናግረዋል። ስለዚህ የዛሬ የተባለው ሚዛን በዚያው ዘመን፣ በራሳቸው መሪ አንደበት፣ ተነግሮ ነበር ማለት ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ይህንኑ ተናገርኩ። ክፍሉ ጥቂት ጸጥ አለና ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ፤ «ቢመለሱስ በአግባቡ ይጠበቃሉ ወይ?» ተባለ። ይህ ነው በእኔ እምነት ከሁሉ የሚከብደው አመለካከት፣ የባለቤትነት ጥያቄ ሳይመለስ የችሎታ ጥያቄ ሆኖ ያርፋል። በዓድዋ አቅራቢያ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም በብራና የተጻፉ ወንጌሎችን ከሺህ ዓመት በላይ ጠብቆ እንዳቆየ፣ በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ደግሞ ለሕዝብ እንደማይታዩ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከካህናት በቀር ማንም እንዳያያቸው ስለምታዝ የሙዚየሙ ባለሙያዎች እንኳ እንደማይመረምሯቸው አስረዳሁ። ለእይታም ለጥናትም የማይውል ታቦት በግምጃ ቤት መቀመጡ ማንን ይጠቅማል ብዬ ስጠይቅ፣ መልሱ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የሙዚየሙ ሕግ ንብረት ማስተላለፍን በእጅጉ ይገድባል የሚል ነበር። ሕጉን ያወጣው ፓርላማ ሊያሻሽለው አይችልም ወይ የሚለው ጥያቄዬ ግን ሰዓቱ አልቆ ሳይመለስ ቀረ።

ወደ ውጭ የሚሄዱ ተማሪዎቻችን ስለ መቅደላ ቁጭቱን ይዘው እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ ሰነዱን ግን ይዘን አንሄድም፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም አላስታጠቁንም። እኔ ያገኘሁት እልህ ስለገፋፋኝ ነው፣ ያውም አንድ ሳምንት ዘግይቼ።

ልጁ የመዝገቡን ገጽ ጠይቆኝ ላክሁለት። አቋሙን አልቀየረም፤ ስለ ዘመን ሚዛን ግን ዳግመኛ አላነሳም።